ጥያቄና መልስ፦ ዳፊ የተባለው ፕሮቲንና የቫይቫክስ ወባ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ማይክሮስኮፕ አጎንብሼ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። ሰሞኑን ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ህዋስ የሚገባው በአብዛኛው ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው ብዬ በጨረፍታ ያነሳሁት ነገር ብዙ ጥያቄ ስላስከተለ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

መምህር፣ ዳፊ ምንድን ነው? ስሙስ ከየት መጣ? (ከሸዋ ሮቢት)

በቀይ የደም ህዋስ ገጽ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። እናቶቻችን ሰፌድ ሲሰፉ ስንደዶው በወስፌ ቀዳዳ እየገባ እንደሚወጣው፣ ይህም የህዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1950 የታወቀው ደም ደጋግሞ በተሰጠው አንድ የሄሞፊሊያ ታካሚ ነው፤ ዳፊ የሰውየው የቤተሰብ ስም ነው። ዛሬ ቢሆን የታካሚ ስም እንዲህ በአደባባይ አይወጣም ነበር።

የሰውነታችን አካል ሆኖ ለወባ በር መክፈት ብቻ ነው ሥራው? (ከደብረ ብርሃን)

ኧረ አይደለም። ሰውነት ሲቆስል ወይም ሲመረዝ ነጭ የደም ህዋሶችን ወደ ቦታው የሚጠሩ ኬሞካይን የተባሉ መልእክተኞች ይለቀቃሉ። ዳፊ እነዚህን ይይዛል፤ እንደ ሌሎች ተቀባዮች ግን መልእክቱን ወደ ህዋሱ ውስጥ አያደርስም። ቀይ ህዋስ ላይ ሲሆን ትርፉን እያነሳ እንደ ማጠራቀሚያ ያገለግላል። በትንንሽ የደም መልስ ሥሮች ግድግዳ ላይ ደግሞ ኬሞካይኑን ከቲሹው ወደ ደሙ በኩል ያሻግራል። በር ያደረገው ተውሳኩ ነው። ዳፊ በቀይ ህዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ ተመራማሪው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳይተዋል።

አፍሪካውያን ዳፊ የላቸውም ከተባለ እኛ ቆላ ቫይቫክስ ምን ይሠራል? (ከአታዬ)

የጠበቅሁት ጥያቄ ይህ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ዳፊ የሌለው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም ነው፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሕዝቡ ድብልቅ ነው፤ ያለውም የሌለውም በአንድ ቤት ይኖራል።

የሚገርመው ማጣቱ የሚሆንበት መንገድ ነው። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል ደህና ነው፤ የተለወጠችው ከፊቱ ያለች አንዲት የዘረመል ፊደል ናት። እሷ ስትለወጥ በቀይ ህዋስ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ ማብሪያው አይሠራም። በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን ዳፊ እንዳለ ነው።

በሩ የለም ማለት ደግሞ ቤቱ አይደፈርም ማለት አይደለም። በማዳጋስካርም በአገራችንም ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ ተገኝቷል። ብዙውን ጊዜ ተውሳኩ በደማቸው ውስጥ ጥቂት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ያመልጣል። እኔ ራሴ ሦስተኛው ስላይድ ላይ አንዲት ተውሳክ ያገኘሁበት ቀን አለ። የታካሚዋን ዳፊ ያኔ ማን ይመረምራል!

ታዲያ ዳፊን የሚዘጋ መድኃኒት ለምን አይሠራም? (ከመሐል ሜዳ)

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ኤች አይ ቪ ሲሲአርፋይቭ በተባለ የህዋስ ገጽ ፕሮቲን በኩል ይገባል፤ ያንን የሚዘጋው መድኃኒት ማራቪሮክ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ወባ ላይ ግን ስሌቱ ይከብዳል። የምንዘጋው በሮች በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ቀይ ህዋሶች ላይ ናቸው፤ መድኃኒቱም በደም ሥሮች ላይ ያለውን ዳፊ ሳይነካ አያልፍም። በዚያ ላይ ጉበት ውስጥ የተኛውን ተውሳክ ምንም አያደርገውም።

ስለዚህ መቆለፊያውን ትቶ ቁልፉን መስበር ይሻላል እላለሁ። ቁልፉ ተውሳኩ ዳፊን የሚጨብጥበት የራሱ ፕሮቲን ነው። በእሱ ላይ የተመሠረቱ ክትባቶች በሰው ላይ ተሞክረዋል። አስቸጋሪው ነገር ቁልፉ ከተውሳክ ተውሳክ ቅርጹን መለዋወጡና ብዙ ፀረ እንግዳ አካል መጠየቁ ነው።

የደም ዓይነቴ ኦ ነው፤ ዳፊ አለኝ? (ከደብረ ሲና)

አይገናኙም። ለብቻው ይመረመራል።

ጤነኛ ሰው ሆኜ ነጭ የደም ህዋሴ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። (ከደብረ ብርሃን)

ዳፊ በቀይ ህዋሳቸው ላይ የሌላቸው ብዙ ጤነኞች ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ ህዋስ ዓይነት ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ1,500 በታች የሚሆንበትም አለ። በሽታ አይደለም። የምንመዘንበት ልኬት ግን በሌላ ሕዝብ ደም የተሠራ ስለሆነ ሰው ሳይታመም ይደነግጣል፤ ይህ ያናድደኛል። ሌላ ምክንያት እንደሌለ ሐኪምዎ ያረጋግጥልዎ።

ልጄ፣ ዳፊ ከሌለኝ የጀመርኩትን የ14 ቀን ኪኒን ልተወው? (ከሸዋ ሮቢት፣ አንዲት እናት)

እንዳያደርጉት፣ እማማ። ቫይቫክስ አንዴ ከተገኘብዎ ዳፊ ኖረም አልኖረም ጉበት ውስጥ የተኛው ሊነሳ ይችላል። ፕሪማኪኑ የታዘዘው ለዚያ ነው። ሽንትዎ እንደ ቡና ከጠቆረ ግን ኪኒኑን ያቁሙና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።