ማን ቀደመ? ኮሎራዶን ለምታጠኑ ልጆች

ልጆቼ፣

በዴንቨርና በአውሮራ ያደጋችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የኮሎራዶ ታሪክ የእናንተም ሆኗል። እንዴት ቢነበብ እንደሚሻል ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ትረካው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ1858 የራስል ወንድማማቾች ወርቅ ካገኙበት ነው። እናንተ ግን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ በዚህ መሬትና በዚህ ውኃ ላይ ማን ቀደመ? መብቱስ በየትኛው ወረቀት ሰፈረ?

ከመሬቱ ጀምሩ። በ1851 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል፣ ከኖርዝ ፕላት እስከ አርካንሳስ ወንዝ ያለው ሜዳ የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች አገር መሆኑን የአሜሪካ መንግሥት በጽሑፍ ተቀብሏል። ዴንቨር የተቆረቆረችው እዚያው ላይ ነው። በየካቲት 1861 የፎርት ዋይዝ ውል ያን ሁሉ አገር ወደ አንድ አሥራ ሦስተኛ ገደማ አጠበበው። ውል ስታነቡ ፊርማዎቹን ቁጠሩ። በዚህኛው ላይ የፈረሙት የሻየን አለቆች ስድስት ብቻ ናቸው፤ የአለቆቹ ሸንጎ አባላት ግን 44 ነበሩ። ያልፈረሙት ውሉን አልቀበልም ማለታቸው የሚጠበቅ ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1864 ሲነጋ ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ወደ 700 የሚጠጋ ወታደር ይዞ በሳንድ ክሪክ የሰፈሩትን ሻየንና አራፓሆዎች ወጋ። አለቃው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራና ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። ወደ 230 ሰው ተገደለ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። የኮሎኔሉ ሪፖርት ይህን የጦር ሜዳ ድል አድርጎ ነው የጻፈው። ያንን ብቻ አንብባችሁ እንዳትተዉት። ጭፍራው እንዳይተኩስ ያዘዘው ሻምበል ሳይላስ ሶል ከሁለት ሳምንት በኋላ ያየውን በደብዳቤ ጽፏል፤ በኋላ በተካሄደው ምርመራም ቀርቦ መስክሯል። በሚያዝያ 1865 ዴንቨር መንገድ ላይ ተገደለ። የአዛዥን ሪፖርት ከበታቾቹ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።

ወርቁ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ለምን ቶሎ እንዳከተመ ግን ይግባችሁ። በ1859 ወደ 100,000 የሚገመት ሰው ተነሣ፤ ብዙው ከመንገድ ተመለሰ። የወንዙ አሸዋ በገበቴና በረጅም የእንጨት አሸንዳ ይታጠብ ነበር። ከላይ ያለው፣ አየርና ውኃ ያበሰበሰው ድንጋይም ተወቅጦ ወርቁ በባዚቃ (በሜርኩሪ) ይያዛል። ጠለቅ ሲባል ግን ወርቁ ከድኝ ጋር በተዋሐዱ ማዕድናት ውስጥ ተቆልፏል፤ ባዚቃው አይዘውም፣ ከዝቃጩ ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል። ፈውሱ እሳት ነበር፦ ናትናኤል ሂል በ1868 ብላክ ሆክ ላይ ማቅለጫ ሥራ አስጀመረ። ማቅለጫ ደግሞ ትልቅ ካፒታል ይጠይቃል፤ ገበቴ ይዞ የመጣው ሰው ደመወዝተኛ ሆነ።

ዛሬም የሚሠራው ሕግ የውኃው ነው። ከወርቁ በፊት፣ በ1852፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ገበሬዎች በደቡብ ኮሎራዶ ሳን ልዊስ ላይ የጋራ ቦይ ቆፈሩ። እንደ እኛ አገር የውኃ አባት ያለ ሰው መርጠው ተራ ያስይዛሉ፤ ውኃ ሲያንስ እጥረቱን ይካፈሉታል። የ1876ቱ የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ግን ሌላ መንገድ ያዘ፦ ውኃውን ቀድሞ ጠልፎ ሥራ ላይ ያዋለ ይቀድማል። መብቱ ቀንና መጠን አለው፤ መጠኑ የሚለካው በሰከንድ ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ አንዱ 28 ሊትር ገደማ። በድርቅ ዓመት የ1866 ባለመብት ድርሻውን ሙሉ በሙሉ ሳያገኝ የ1885ቱ ጠብታ አይደርሰውም፤ ወንዙ በማሳው አጠገብ ቢያልፍም የቦዩ በር ይዘጋበታል። በ1879 ድርቅ የሴንት ቭሬይን ወንዝ ገበሬዎች ከወንዛቸው ውኃ የሚጠልፈውን የሌፍት ሃንድ ቦይ ግድብ አፈረሱ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1882 የተወሰነው ለቦዩ ነው፤ ውኃውን የወሰደው ወደ ሌላ ሸለቆ ቢሆንም ቀድሞ ጠልፎታልና።

እንግዲህ «የቀደመ ይቀድማል» የሚለውን ሕግና የ1851ን ውል አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሻየንና አራፓሆዎች በ1865ና በ1867 ውሎች ከግዛቱ ወጥተው ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተገፍተዋል፤ ስለዚህ በምሥራቅ ኮሎራዶ የውኃ መዝገብ ላይ ቀን የላቸውም። በደቡብ ምዕራብ የቀሩት የኡት ሕዝቦች ግን መብታችን ከ1868ቱ ውላችን ይቆጠራል ብለው ተከራክረው በ1988 በፌዴራል ሕግ የጸደቀ ስምምነት አግኝተዋል። ቀጥላችሁ እሱን አንብቡ።