ባለቤት ያጣ ብርሃን፦ ስለ ጠፈር አዮኖች ጠይቁኝ

ስለ ጠፈር ሞለኪውሎች፣ በተለይም ስለ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው) ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ቴሌስኮፕ እያለ ላቦራቶሪ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ቴሌስኮፕ የሞለኪውሎችን የብርሃን አሻራ ያነሳል እንጂ የማን እንደሆነ አይነግርህም። በ1970 የጠፈር ተመራማሪዎቹ ቡል እና ስናይደር 89.19 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ማንም የማያውቀው የራዲዮ መስመር (በአንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ የሚመጣ ምልክት) አገኙ። ግራ ቢገባቸው «ኤክስ-ኦጀን» አሉት። ኬሚስቱ ክሌምፐረር ሃይድሮጅን፣ ካርቦንና ኦክስጅን ያሉበት አዮን ነው ብሎ ገመተ። ግምት ግን ማስረጃ አይሆንም። በ1975 የዉድስ ቡድን ዊስኮንሲን ውስጥ አዮኑን ራሱን ሠርቶ ለካው። መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታዲያ አዮኑን ጠርሙስ ውስጥ ከተው ለምን አይለኩትም?

መልስ፦ የት ይቀመጥልሻል! ኤሌክትሮን ያጣ ነገር ካገኘው ሁሉ ይነጥቃል። ግድግዳ ከነካ ደግሞ አለቀለት። ሦስት ሃይድሮጅን ያለውን አዮን የፊዚክስ ሊቁ ቶምሰን በ1911 አግኝቶት ነበር። ኦካ የተባለ ተመራማሪ ስፔክትረሙን (የብርሃን አሻራውን) ላቦራቶሪ ውስጥ የያዘው ግን በ1980 ነው። በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር እስኪገኝ ሌላ 16 ዓመት ፈጀ።

ጥያቄ፦ የካርቦን ኳሱስ ነገር?

መልስ፦ የምወደው ታሪክ! 60 ካርቦኖች እንደ እግር ኳስ የተሰፉበት አዮን ነው። በ1994 በከዋክብት ብርሃን ላይ 9577 እና 9632 አንግስትሮም (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ሁለት ጥላዎች፣ ማለትም ብርሃን የጎደለባቸው ቦታዎች፣ ታዩና እሱ ተጠረጠረ። ችግሩ፣ የነበረው የላቦራቶሪ ልኬት በረዶ ከሆነ ኒዮን ውስጥ የተወሰደ ነው። ኒዮኑ ደግሞ መስመሩን ይገፋዋል።

የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ የማየር ቡድን አዮኖቹን በኤሌክትሪክ ወጥመድ ይዞ ወደ 6 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 267 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) አቀዘቀዛቸው። በዚያ ብርድ የሂሊየም አቶም ኳሱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሌዘር ይለቀቃል። አዮኖቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ የጎደለውን ብርሃን መለካት አይሞከርም። ስለዚህ በሬ ላይ ያረፈ ዝንብ አስቡ። በሬው ቆዳውን ሲያርገፈግፍ ዝንቡ ይነሳል። ኳሱም ትክክለኛውን ቀለም ሲውጥ ይሞቅና ሂሊየሙን ያራግፋል። ተመራማሪዎቹ የሚቆጥሩት ዝንቡ ገና ያልተነሳላቸውን በሬዎች ነው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ቀለሙ ተገኘ ማለት ነው። ዝንቡ (ሂሊየሙ) ራሱ መስመሩን በትንሹ ይገፋል፤ እሱንም አስልተው አረሙት። በ2015 ሲያሳትሙ ቁጥሮቹ ከጠፈሮቹ ጥላዎች ጋር ገጠሙ። በ2019 ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ተጨማሪ ማስረጃ አመጣ።

ጥያቄ፦ የቀሩት ጥላዎችስ?

መልስ፦ ከ500 በላይ ናቸው፤ ኳሱ የወሰደው ጥቂቱን ብቻ። የከዋክብት ተመራማሪዋ ሜሪ ሊ ሄገር የመጀመሪያዎቹን ካየች 100 ዓመት አልፏል። የእኔ ግምት? ካርቦን የበዛባቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች። ስማቸውን ግን እንዳትጠይቁኝ።