አንገቱ ጠባብ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የተጋገረውን ለማስለቀቅ

እህቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከእናትሽ የቀረልሽ የመስታወት አበባ ማስቀመጫ፣ አንገቱ ሁለት ጣት የማያስገባ፣ ውስጡ ከወገቡ ነጭ ቀለበት፣ ከታች አረንጓዴ የያዘ። በኦሞ ዘፍዝፈሽው፣ በሙቅ ውሃ ነቅንቀሽው እምቢ ብሎሻል። አሁን አሸዋ ጨምረሽ ልትነቀንቂው፣ ካልሆነም ጎረቤትሽ እንዳለችው በረኪናና አቼቶ ደባልቀሽ ልትሞክሪ ነው። ሁለቱንም እንዳታደርጊ። እኔ ኮምቦልቻ የድግስ ዕቃ አከራያለሁ፤ ከሠርግ የሚመለሰውን የአበባ ማስቀመጫና ብርሌ የማጥበው ራሴ ስለሆንኩ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ በረኪናው፣ የጤና ጉዳይ ነውና። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ በር ተዘግቶ ጠባብ ማድቤት ውስጥ ከሆነ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለማ ጭራሽ አይታሰብም። እባክሽ ለጎረቤትሽም ንገሪያት።

አሸዋው ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል። አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ ከመስታወት የጠነከረ ነው። ጭረቱ ለጊዜው ላይታይሽ ይችላል፤ ቆሻሻ ግን እዚያ እየገባ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ ማስቀመጫው ቶሎ ቶሎ መደብዘዝ ይጀምራል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ያየሽው ቆሻሻ አንድ ዓይነት አይደለም። አረንጓዴውና የሚያሟልጨው ከአበባው ግንድ የመጣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አልጌና ባክቴሪያ። ነጩ ደግሞ ውሃው ሲተን ጥሎት የሄደው ካልሲየም ነው፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ማለት ነው። ኦሞ ነጩን የማይነካው ለዚህ ነው፤ ካልሲየም የሚሸነፈው በኮምጣጣ ነገር ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። የሚያሟልጨው ነገር ነጩን ሸፍኖት ከቆየ አቼቶው አይደርስበትም፣ ስለዚህ ከአረንጓዴው ጀምሪ።

ለአረንጓዴው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ እስከ ሩቡ ድረስ ጨምሪ። ውሃው ከበዛ ሩዙ በደንብ አይፈትግም። አፉን በመዳፍሽ ይዘሽ አዙሪው፤ ወደ ላይና ወደ ታች አትነቅንቂው፣ ዳር ዳሩን የሚፈትገው ዙሩ ነው። ሸካራ ጨውም ይሆናል፤ ከአፋር በኩል የሚመጣውን ሳይፈጭ ካገኘሽ ከሩዝ ይሻላል፣ ከመስታወት ስለሚለሰልስም አይጭርም። ጥጉ ላይ ሙጭጭ ያለ ከቀረ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፤ መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። ከዚያ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ደጋግመሽ አለቅልቂና አሳድሪው። አቼቶ የሚነካው በማግስቱ ነው።

ነጩ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አቼቶ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይሠራል እንጂ ጨምሮ ወዲያው መድፋት ዋጋ የለውም። ለብ አድርገሽ ቀለበቱን እስኪያልፍ ሙዪውና ሌሊቱን ተዪው። ትንንሽ አረፋ ከነጩ ላይ ሲነሣ ካየሽ ደስ ይበልሽ፣ እየበላው ነው። ማስቀመጫው ትልቅ ከሆነና አቼቶው ከባከነብሽ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ረጅም አድርገሽ ቅደጂ፣ አቼቶ አጠጪው፣ በእንጨት ገፍተሽ ነጩ ላይ ለጥፊው፤ ጫፉን ውጭ ማስቀረት አትርሺ፣ አለዚያ ለማውጣት ትቸገሪያለሽ። ሎሚ ሲረክስ በሎሚ ጭማቂም ይሆናል፣ ግን በደንብ አጥልዪው። ጠዋት ላይ ሸካራ ጨው ጨምረሽ ያንኑ አቼቶ አዙሪበት። ካልጨረሰ ቀይረሽ አንድ ሌሊት ድገሚው።

አንዳንዶች የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተው ይጨምራሉ። በሳሙና ጥሩ ነው፤ ከአቼቶ ጋር ግን አይሆንም፣ ቅርፊቱ ራሱ ካልሲየም ስለሆነ አቼቶውን ይጨርሰዋል። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ማፍሰስም እንደዚሁ ነው። አረፋው ዓይን ይማርካል፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ኃይላቸውን ያጠፋሉ፣ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ነው። ሶዳውን ለአረንጓዴው፣ አቼቶውን ለነጩ ለየብቻ ተጠቀሚ።

የፈላ ውሃ አትጨምሪ። አንቺ ያለሽበት ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ያም ቢሆን በዚያ ብርድ ጠዋት ቀዝቃዛ መስታወት ይሰነጥቃል። አፉ ላይ ወርቃማ ቅብ ካለው ደግሞ አቼቶውም በረኪናውም እንዳይነካው ከቅቡ ዝቅ አድርገሽ ሙዪ፤ አንዴ ከለቀቀ አይመለስም።

ከሁለት ሌሊት አቼቶ በኋላ ጠርገሽ ስታደርቂው ጉም የመሰለ ድብዛዜ ከቀረበት፣ ያ ቆሻሻ አይደለም፤ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል። ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ያገኘዋል። እሱን በቤት ውስጥ የሚመልሰው ነገር የለምና አትድከሚበት፤ ደረቅ አበባ አድርጊበት፣ ለእናትሽ ማስታወሻነቱ አይቀንስም። የአንቺ ግን ከፎቶው ጠርዝ ጠርዙ ወፍራም ሆኖ ስለሚታየኝ ካልሲየም ይመስለኛል፣ ይለቃል።

ብርሌም ላላችሁ፦ አምቡላ የደረቀበትን ለብ ባለ ውሃና በሶዳ አሳድሩት፣ ከዚያ ሩዝ። የሚጠጣበት ነገር ስለሆነ በረኪና አላስገባበትም።

ስታደርቂው በፎጣ ላይ ድፊው፣ አንገቱ አየር እንዲያገኝ በትንሹ አጋድመሽ። ክረምት ላይ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ካጠራቀምሽ መጨረሻ ላይ በእሱ አለቅልቂው፤ ካልሲየም ስለሌለው ነጭ ጠብታ አይተውም። አበባ ስታደርጊበት ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ልቀሚ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ።

ለአንገቱ የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ ግዢ፤ ሽቦውን ጫፉ አካባቢ ስታጥፊው ትከሻው ሥር ይደርሳል። ካጣሽ እኔ ጋ ትርፍ አለ። ቅዳሜ ዕቃ ይዤ ደሴ ስለምወጣ ፒያሳ ላይ ልሰጥሽ እችላለሁ፤ በውስጥ ጻፊልኝ።