ዝም ስላለችው ልጅ፣ ለአዳዲስ መምህራን

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ክፍል ለተሰጣችሁ ወጣት መምህራን ነው የምጽፈው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። እዚያ አንዱ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሌላው ጉራጊኛ፣ ሌላው አማርኛ ሲያወራ ያድራል፤ ጠዋት ግን ሁሉም አንድ ዴስክ ላይ ናቸው።

አንድ ቀን ሦስተኛ ክፍል «17 ብርቱካን ለ5 ልጆች እኩል ቢካፈል ቀሪው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «አንድ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም የዚያን ሴሚስተር ካርዷ ላይ «ትኩረት ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩ። ከሳምንታት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ስትደናገር፣ ከኋላዋ ያለው ልጅ ቃሉን በኦሮምኛ «ሀፍቴ» ብሎ ሹክ አላት። ወዲያው መልሱን ተናገረች። ለካ «ቀሪ» የሚለውን ቃል የምታውቀው ስም ስጠራ ብቻ ነው! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ብሎ ነበር፤ ዩኔስኮም በ1953 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መክሮ ነበር። ትክክል ነው። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት የቤት ቋንቋ ሲኖር ፖሊሲው ብቻውን አይበቃም፣ ሥራው እናንተ ላይ ይወድቃል። የልጆችን ሁለተኛ ቋንቋ አማማር በካናዳ ያጠናው ጂም ከሚንስ እንደሚለው በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ የጨዋታውን ቋንቋ በ2 ዓመት አካባቢ ይይዛል፣ የትምህርቱን ቋንቋ ለመያዝ ግን 5 እና ከዚያ በላይ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ኳስ እየጠለዘ አማርኛውን የሚያንበለብለው ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ቢል «ሰነፍ ነው» አትበሉ።

አንድ የሠራሁበት ትምህርት ቤት በቤቱ ቋንቋ ሲያወራ የተገኘን ልጅ ያስቀጣ ነበር። እናንተ እንዲህ አታድርጉ፣ እባካችሁ። ጥንድ ጥንድ ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩበት፣ መልሱን ከዚያ በአማርኛ ይጻፉት። ወላጅ መጥቶ «ቤት ውስጥም አማርኛ ብቻ እናውራለት?» ካላችሁ ደግሞ አይሆንም በሉ፤ እናት ተረቱንም ቁጣውንም አሟልታ የምትችለው በራሷ ቋንቋ ነው፣ ልጁም ማሰብን የሚማረው ከዚያ ነው።

እኔ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ሁለት ዓምድ ያለው ካርቶን ለጠፍኩ። የመጀመሪያውን መስመር ያቺው ልጅ በእጇ ጻፈችው፦ «ቀሪ፣ ሀፍቴ»።