አሮጌውን ካሜራ ከመሸጣችሁ በፊት

«ጋሼ፣ 600ዲዬን ሸጬ ሚረርለስ ልግዛ ወይ?» ሰርግና ምርቃት ማንሳት የጀመሩ ልጆች ሲያገኙኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ይኸው ነው። አንዱ ብር አጠራቅሟል። ሌላው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊልክለት ነው። ሌላው ደግሞ ዩቲዩብ አይቶ ልቡ ተነስቷል። ለሁሉም አንድ መልስ የለኝም። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሥራህ የሚበላሽብህ የት ላይ ነው?

ነገሩን በስም እንያዘው። ካነን 600ዲ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ የወጣ የጀማሪ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ብዙ ፎቶ አንሺ እጁን ያፍታታበት ካሜራ ነው። ካነን አር50 ደግሞ በ2023 የመጣ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት የሌለው ካሜራ ነው፤ እሱም ለጀማሪ የተሠራ። ኩባንያው አንድ ነው፣ መሀላቸው 12 ዓመት አለ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የማያምነኝን ልንገራችሁ። ሴንሰር የምንለው፣ ምስሉን የሚይዘው ክፍል፣ በሁለቱም ስፋቱ እኩል ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ የምንለው። አንዱ 18 ሜጋፒክስል፣ ሌላው 24 ነው። በቀን ብርሃን፣ ሰው ቆሞ፣ በአንድ ሌንስ የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን 20 በ30 አሳትማችሁ ብትሰጡኝ የቱ ከየትኛው እንደወጣ አልለይም። ሙሽራዋማ ጭራሽ አትለይም። አዲስ ካሜራ ገዝቶ «ፎቶዬ ግን ያው ነው» የሚል ልጅ ሲያጋጥመኝ አይገርመኝም።

ልዩነቱ ያለው ፎከስ ላይ ነው። በ600ዲ ውስጥ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ፣ ወደ ላይ ተንጸባርቆ አይናችን ጋ ይመጣል። ስንጫን መስታወቱ ቀጭ ብሎ ይነሳና ሴንሰሩ ምስሉን ይይዛል። ፎከስ የሚፈልገው ክፍል ለብቻው ከታች የተቀመጠ ነው። 9 ነጥብ አለው፤ ቁሙንም አግድሙንም የሚያነበው ግን የመሀሉ ብቻ ነው። አር50 መስታወት የለውም። ሴንሰሩ ራሱ ያያል፣ ራሱ ፎከስ ያደርጋል። ፊት ያገኛል፣ አይን ያገኛል፣ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ይህ የሚገባችሁ ሙሽሮች አዳራሽ ሲገቡ ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ቀይና ሰማያዊው ይሽከረከራል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ወደ እናንተ ይመጣሉ። እናንተ ደግሞ ወደኋላ እየሄዳችሁ ታነሳላችሁ። በ600ዲ የመሀሉን ነጥብ ሙሽራዋ አይን ላይ ትጥላላችሁ፣ ግማሽ ትጫናላችሁ፣ ካሜራውን ዘወር አድርጋችሁ ፍሬሙን ታስተካክላላችሁ። በዚያች ቅጽበት እሷ አንድ እርምጃ ቀርባለች። ቤት ስትገቡ አይኗ ብለር፣ ጆሮዋ ላይ ያለው ጉትቻ ቁልጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። አር50 ይህን ጭንቀት በአብዛኛው ያቃልላል። ፎቶዬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው የሚል ልጅ ካለ፣ እሱ እውነትም ሚረርለስ ያስፈልገዋል።

ቪዲዮ የሚሠራማ አይከራከረኝ። 600ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሰው እየተከተለ ፎከስ አያደርግም፤ ቀለበቱን በእጅ ማዞር ነው። ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ ደግሞ ቀረጻው ይቆማል። በፉል ኤችዲ ይህ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። የሙሽራው አባት ምርቃት ጀምረው፣ እንባቸው ሊመጣ ሲል ካሜራው ጸጥ ይላል። አባትየውን ድገሙልኝ አትሏቸው! አር50 ፎርኬ ይቀርጻል፣ ሳይቋረጥ እስከ 1 ሰዓት ይሄዳል። ከባዶ የሚጀምርና እንጀራዬ ቪዲዮ ነው የሚል ሰው ዛሬ አሮጌ ዲኤስኤልአር እንዲገዛ አልመክርም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ጉዳይ ልምጣ። ልጆቹ ቦዲውን፣ ማለትም ካሜራውን ራሱን፣ ይገዙና ከካርቶኑ አብሮ በወጣው ሌንስ ይቀራሉ። የአር50 ኪት ሌንስ 18-45 ነው። ዙሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ 6.3 ይሆናል፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። አሮጌው ቦዲ ላይ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግጠሙበት። ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን 12 እጥፍ ይበልጣል። በ50 ሚሊሜትሯ በአይኤስኦ 800 የሚነሳው በኪት ሌንሱ በ10,000 ገደማ ነው የሚነሳው፤ አይኤስኦ ካሜራው ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚነግር ቁጥር ነው። በዚያ ጨለማ አዳራሽ በኪት ሌንስ የቀረው አዲሱ ካሜራ በኖይዝ፣ በሚያሻክር ነጠብጣብ፣ ይሞላል፣ ወይ ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው ሹተር ይዘገይና እጅ እግሩ ሁሉ ብለር ይሆናል። አሥራ ምናምን ዓመት የሞላው 600ዲ በዚያች በትንሿ ሌንስ ይበልጠዋል። አይኑን አንብቦ ያገኘው ፎከስ ብርሃን ከሌለ ምን ይሠራል?

ደግነቱ ያቺ ሌንስ አትጣልም። የድሮው ኢኤፍ ሌንስ በማገናኛ አር50 ላይ ይገጠማል፣ ፎከሱም ይሠራል። መስታወቱ ሲቀር ሌንሱ የሚታሰርበት ቦታ ከ44 ሚሊሜትር ወደ 20 ሚሊሜትር ቀርቧል፤ ማገናኛው ያን ክፍተት ነው የሚሞላው። የተገላቢጦሹ አይሆንም። አዲሱ አርኤፍ ሌንስ 600ዲ ላይ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ ኢኤፍ ሌንስ የገዛ ልጅ ነገ ቦዲ ሲቀይር አይከስርም።

ፍላሽ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አር50 አናቱ ላይ ያለው መቀመጫ አዲስ ዓይነት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ዮንግኑዎ ወይም ጎዶክስ ፍላሽ እንዲሁ ብትሰኩበት አይተኩስም። ኤዲ-ኢ1 የሚባል ማገናኛ ለብቻው ይገዛል። ይህን ሰርጉ ቀን ጠዋት ማወቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ልተወው። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።

ባትሪም አለ። 600ዲ በአንድ ቻርጅ 440 ፎቶ ገደማ ያነሳል። አር50 በቪውፋይንደሩ፣ አይናችሁን በምታስጠጉበት መመልከቻ፣ እያያችሁ ከሠራችሁ 310 ገደማ ነው፤ መመልከቻው ራሱ ሁልጊዜ የሚበራ ትንሽ ስክሪን ስለሆነ። ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ እስከ ማታው እራት ለሚውል ሰው፣ መብራትም በሚጠፋበት አገር፣ ተጨማሪ ባትሪ የግድ ነው። ክብደቱ ግን ደስ ይላል። 570 ግራም ከሚመዝነው ወደ 375 ግራም ስትመጡ ማታ አንገታችሁ ይመሰክራል።

ጥምቀትን የምታነሱ ልጆች ይህችን ስሙኝ። ጃን ሜዳ በጠዋት ፀሐይ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ካሜራ ነጭን አያምንም፤ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊጎትት ይሞክራል። እንዲሁ ከተጫናችሁ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ በነጠላው የተሸፈነው ጠይም ፊት ደግሞ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን፣ ወደ ፕላስ መጨመር ነው። ካበዛችሁት የጥለቱና የሽመናው መስመር ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። በ600ዲ ይህን የምታውቁት ካነሳችሁ በኋላ ነው። ስክሪኑን በእጃችሁ ከፀሐይ ከልላችሁ ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ስታዩ ታቦቱ አልፏል። በአር50 ቪውፋይንደሩ ውስጥ ሳትጫኑ በፊት ታዩታላችሁ። ፕላስ ስትሉ ነጠላው ሲነጣ፣ ፊቱ ሲበራ፣ ጥለቱ ሊጠፋ ሲል እዚያው ይታያችኋል።

እንዲህም ሆኖ መጀመሪያ በ600ዲ የሠሩ ልጆችን እወዳለሁ። ብርሃኑን አይተው «ይህ ፕላስ አንድ ይፈልጋል» ማለት ይችላሉ። ስክሪን እያየ የጀመረው ስክሪኑ ፀሐይ ሲመታው ይደናገራል። አድልዎ ነው ካላችሁኝ ይሁን።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የመስታወቱ ድምፅ ያሳፍራል። ተክሊል ሲደረግ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ያ ቀጭ ቀጭ ካህናቱን ያስዞራል። አር50 ድምፅ አልባ ሹተር አለው። ብቻ በዚህ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ፍላሽ አይሠራም፣ በኤልኢዲ መብራት ሥርም ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሊጋደም ይችላል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ስታደርጉ መስመሩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ዋጋውን በአጭሩ። 600ዲ አሜሪካ ሲወጣ ቦዲው 800 ዶላር ነበር። ያኔ ዶላሩ 17 ብር ገደማ ነው። አር50 ሲወጣ 680 ዶላር ነበር፤ በዶላር ረክሷል። ግን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይቆጠር ከ14 ሺህ ያልበለጠው 68 ሺህን አልፏል ማለት ነው። ይህን ያህል ብር የሚወጣው ሥራ ሲያስገድድ እንጂ ጓደኛ ስለገዛ አይደለም። ጉርድ ፎቶና ስቱዲዮ የምትሠሩ፣ መብራታችሁ የተተከለ፣ ሰዉ ወንበር ላይ የሚቀመጥላችሁ፣ 600ዲ ከበቂ በላይ ነው። ብሩን ለመብራትና ለሌንስ አውሉት። ሰርግ በፎቶ ብቻ የምትሠሩም ከቦዲው በፊት 50 ሚሊሜትሯንና ጥሩ ፍላሽ ግዙ። ከዚያ በኋላም ፎከሱ ካስለቀሳችሁ ቀይሩ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ሚረርለስ ላይ ሌንስ ሲፈታ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ስለሚጋለጥ ይህ ይብሳል። ባትሪው ካበጠ አትንኩት። የ600ዲ ሹተር ስንት ጊዜ እንደተጫነ ፎቶው ፋይል ላይ አይጻፍም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ይፈልጋል። ሻጩ «ቤት ውስጥ ብቻ ነው የተሠራበት» ካላችሁ ላፕቶፑንና ኬብሉን አውጡ።