እግር የቆረጠው ሌንስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ጠባብ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰው ሙሉ ቁመት ላነሳ 50 ሚሊሜትር ሌንሴን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ወደ ኋላ ብል ብል ጀርባዬ ግድግዳ ነካ፤ የሰውየው እግር ግን አልገባ አለ። ክፍሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3.5 ሜትር ነው። ቤት ገብቼ የሌንስ ቀመሩን አወጣሁ፦ 1/ት = 1/ነ + 1/ም። ት የሌንሱ የትኩረት ርቀት (ያ 50 ሚሊሜትር የሚባለው)፣ ነ ከሌንሱ እስከ ሰውየው፣ ም ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ገጽ) ነው። ሁሉንም ገለበጥኩና ት = ነ + ም አልኩ። በዚህ ከሄድን ሰውየው ከሌንሱ 5 ሴንቲሜትር እንኳ አይርቅም! የት ጋ ነው የሳትኩት?

እግር ቆራጩ

መልስ፦ ስምህን ወድጄዋለሁ። እኔም እግር ቆርጬ አውቃለሁ፤ ያቺን ግልበጣም ሠርቻታለሁ።

ስህተቱ ይኸው፦ 1/4 + 1/4 = 1/2 ነው። እያንዳንዱን ብትገለብጥ 4 + 4 = 2 ይሆንብሃል። መደመር መሃል ካለ አንድ በአንድ መገልበጥ አይቻልም።

ከመገልበጥ ይልቅ አባዛ። የምትፈልገው ነ ነው አይደል? ሁለቱንም ወገን በነ አባዛው፦

ነ/ት = 1 + ነ/ም

አሁን ነ/ምን ተመልከተው። ሰውየው ሴንሰሩ ላይ ስንት ጊዜ አንሶ እንደሚወጣ ነው የሚነግርህ። እሱን ደግሞ ያለ ምንም ቀመር ታውቀዋለህ። የሴንሰርህን መጠን ስላልነገርከኝ ሙሉው፣ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው ብዬ ልያዝ። ካሜራውን ስታቆመው ቁመቱ 36 ሚሊሜትር ነው። ለሰውየው ከላይና ከታች ትንሽ ትርፍ ጨምረን 1800 ሚሊሜትር እንበል። 1800 ለ36 ሲካፈል 50። ስለዚህ፦

ነ = ት × (1 + 50) = 50 × 51 = 2550 ሚሊሜትር

2.55 ሜትር መሆኑ ነው። ካላመንከኝ መልሰህ አስገባው። ም የነ አንድ ሃምሳኛ ስለሆነ 51 ሚሊሜትር ይሆናል። 1/2550 + 1/51 ደግሞ 51/2550 ነው፤ ያ 1/50 ይሆናል። ልክ ገጠመ። እኔ ይቺን ማረጋገጫ ሳልሠራ ከቤት አልወጣም፤ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይቀላል።

ታዲያ 2.55 ሜትር 3.5 ሜትር ክፍል ውስጥ ለምን አልገባም? ሰውየው ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቆምም፤ ጥላው እንዳይወድቅበት 1 ሜትር ያህል እንዲርቅ እፈልጋለሁ። አንተና ካሜራህ ደግሞ ከሌንሱ ኋላ ግማሽ ሜትር ትይዛላችሁ። ድምሩ 4.05 ሜትር ይመጣል። ሌንስህ አልበደለህም፣ ክፍሉ ነው።

አሁን ጥያቄውን እናዙረው። የቀረህ ቦታ 2 ሜትር ነው፤ የማይታወቀው ት ነው። ያንኑ እኩልታ ለ51 አካፍለው፦ ት = 2000/51፣ ወደ 39 ሚሊሜትር። ከዚያ በታች ገበያ ላይ በብዛት ያለው 35 ነው። በ35 ሌንስ ነ = 35 × 51 = 1785 ሚሊሜትር፤ ጭራሽ 20 ሴንቲሜትር ያህል ይተርፍሃል። ብቻ ያን ያህል ስትጠጋ ካሜራውን ዓይንህ ጋ አትያዘው፤ ወደ ወገብ ዝቅ አድርገው። አለዚያ ጭንቅላቱ ተልቆ እግሩ ያጥርብሃል፣ ሰውየውም አይወድልህም።

ሴንሰርህ ትንሹ ከሆነ፣ ረጅም ጎኑ ወደ 24 ሚሊሜትር የሚጠጋው ማለቴ ነው፣ 1800 ለ24 ሲካፈል ነውና 50 የነበረው ነ/ም 75 ይሆናል። 2000ን ለ76 አካፍል፤ 26 አካባቢ ይወጣል። ያኔ 35ቱም አያዋጣህም፤ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ያዝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌንስህ ላይ የተጻፈው የሜትር ቁጥር የሚለካው ከሌንሱ ሳይሆን ከሴንሰሩ ነው። ብዙ ካሜራዎች አናት ላይ መስመር ያቋረጣት ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ ሴንሰሩ ያለው እዚያ ጋ ነው። በእኛ ስሌት 2550 ላይ 51 ስትጨምር 2.6 ሜትር ግድም ያሳይሃል። ሰው ስታነሳ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ነፍሳት ልታነሳ ጠጋ ስትል ግን ጉድ ይሠራሃል፤ እዚያ ብዙ ዘመናዊ ሌንሶች ሲጠጉ ትን ራሱን ይቀይሩታል፣ የኛም ቀመር ግምት ብቻ ይሆናል።