እህቴ፣ የሚያዞርሽ ዮጋው ሳይሆን አተነፋፈሱ ነው

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብሽ እየመታ ትነቂያለሽ፤ ቀን ሥራ ላይ ደረትሽን ይጨንቅሻል። ከስልክ ቪዲዮ አይተሽ ዮጋ ብትጀምሪ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያዞርሻል፣ ከንፈርሽንና የጣቶችሽን ጫፍ ይነዝርሻል፣ ጭንቀቱም ይብስብሻል። «ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? ልተወው?» ነው ያልሽው። አትተዪው። ችግሩ «በአፌ በኃይል ቶሎ ቶሎ እስባለሁ» ያልሽው ላይ ነው ያለው።

ብዙ ጀማሪ የሚያባርር ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ። የተጨነቀ ሰው አየር ያጠረው ይመስለዋል፤ «በጥልቀት ተንፍሺ» ሲባል በላይ በላዩ ይስባል። ደሙ ውስጥ ግን ኦክስጅን አልጎደለም። እንዲህ ሲተነፈስ የሚጎድለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ሲቀንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ያዞራል፤ የደሙ አሲድነት ስለሚወርድ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ ደረት ይጨመቃል። አእምሮ ይህን ሲያይ አደጋ የመጣ ይመስለዋል፣ ልብም ይበልጥ ይሮጣል። ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉት ፈጣን የአተነፋፈስ ልምምዶች ለአንቺ የማይሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ጭንቀት አለብኝ እያላቸው በመጀመሪያው ቀን እነዚህን የሚያሠሩ አሠልጣኞች በጣም ያናድዱኛል። ሰውየው አይመለስም፣ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል።

1. ለመጀመሪያው ሳምንት ትንፋሽ ብቻ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ እግርሽን መሬት አስረግጪ። አንድ እጅ እምብርት ላይ፣ አንዱ ደረት ላይ ይሁን። ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት የታችኛው እጅ ነው። በአፍንጫ ብቻ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ 3 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ 4 እየቆጠርሽ አስወጪ። ሳንባሽን ጢም አድርገሽ አትሙዪው። ሲለምድሽ 4 አስገብተሽ 6 ታስወጪያለሽ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ማርዘም አያስፈልግሽም። ልብ አየር ሲገባ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፤ መውጫው እንዲረዝም የሚፈለገው ስለዚህ ነው። አየር ካጠረሽ ቁጥሩን አሳጥሪ እንጂ አትታገዪ። መቁጠሩ ራሱ ካስጨነቀሽ ደግሞ ተዪውና አፍሽን ዘግተሽ ሕፃን እንደምታስተኚ እሹሩሩ እያልሽ አንጎራጉሪ። ማንጎራጎር የሚቻለው አየር ሲወጣ ብቻ ስለሆነ መውጫው ሳታስቢው ይረዝማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ በርጩማ ላይ ሆነሽ አትለማመጂ። የጅማ በርጩማ ለቡና መጠጫ ግሩም ነው፣ ግን ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆናል፣ ሆድ ይታጠፋል፣ ትንፋሹም ወደ ደረት ይሸሻል። ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል።

2. እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል። አንድ ብቻ ምረጥ ብትዪኝ ይህን ነው የምመርጥልሽ። ጋቢ አራት እጥፍ አድርገሽ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርገሽ አንጥፊ። ጎንሽን ለግድግዳው ሰጥተሽ ጋቢው ላይ ተቀመጪ፣ ከዚያ ዞር እያልሽ እግርሽን ወደ ላይ፣ ጀርባሽን ወደ መሬት። ከጉልበትሽ ጀርባ ከወጠረሽ አንድ ክንድ ያህል ራቂ። አገጭሽ ወደ ጣሪያ ከቀና ከራስሽ ሥር የታጠፈ ነጠላ ጨምሪ። ፍራሽ ላይ አይሆንም፣ ወገብ ይሰምጣል። ባዶ ሲሚንቶም በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ሰሌን ላይ ብርድ ልብስ ደርበሽ ካልሲ አድርጊ፣ የበረደው ጡንቻ አይላላም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ስትወርጂ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወደ ጎን ተንከባለዪ፣ አምስት ትንፋሽ ቆዪ፣ ራስሽን መጨረሻ አንሺ። ቀጥ ብለሽ ብድግ ካልሽ የደም ግፊት ስለሚወርድ እንደገና ያዞርሻል፣ አንቺም በዮጋው ታመካኚያለሽ። ግላኮማ ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ላለበት ሰው ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም፤ እርግዝናዋ የገፋ ሴትም በጀርባዋ ብዙ አትተኛ።

3. በግንባር መደፋት። ተንበርከኪ፤ የእግርሽ አውራ ጣቶች ይነካካሉ፣ ጉልበቶች ይራራቃሉ፣ መቀመጫ ወደ ተረከዝ፣ ግንባር ወደ መሬት። ተረከዝሽን ካልነካ መሀል ላይ ትራስ አስገቢ፤ ግንባርሽ ካልደረሰ ሁለት ጡጫሽን ደራርበሽ አስደግፊው። ጉልበትሽን ካመመሽ ዝለዪው።

እናትሽ «የሌላ አምልኮ ነው» ያሉሽ ይህን አይተው ይመስለኛል። እናትሽን አትናቂያቸው፤ ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖት ጋር አብሮ ያደገ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ የጻፍኩልሽ ላይ ዝማሬም ጸሎትም የለም፣ እግርና ትንፋሽ ነው። አጠገብሽ አስቀምጠሽ አሳዪያቸው፤ ካልተዋጠላቸው ሸኻችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን አብራችሁ ጠይቁ። በር ቆልፎ፣ ኮቴ እያዳመጡ መሥራት ራሱ ውጥረት ነው።

ቡናውን በተመለከተ፣ ጅማ ተቀምጠሽ ቡና ተዪ አልልሽም። ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ቀን 11 ሰዓት ላይ በረካ ጠጥተሽ የተነሣሽ ሰው ማታ 4 ሰዓት ስትተኚ ግማሹ ገና አለ። አቦሉን ጠዋት ጠጪ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ስኒ ቀንሺ። በአንዴ ካቆምሽ ራስ ምታት ይይዝሻል። ጫት ካለበት ደግሞ የቱም አቀማመጥ አያሸንፈውም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ምርመራ አድርጊ። ክብደት መቀነስ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት አለመቻል ካለሽ የእንቅርት ሆርሞን ሊሆን ይችላል፤ ደም ማነስም ልብ ያስመታል። አንዳንድ ክሊኒክ ደም ሳይወስድ «ጭንቀት ነው» ብሎ ይሸኛል፤ ምርመራውን በስሙ ጠይቂ። ጭንቀቱ ሥራ ካስፈታሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለው፣ መሄድ አያሳፍርም። ደረትሽን አሞሽ ወደ ክንድሽ ከተሰማሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ ስልክ አታንሺ፣ ሰዓትም አትዪ። በጎንሽ ሆነሽ አሥር ጊዜ አንጎራጉሪ። እንቅልፍ እንቢ ካለ ተነሺና እግርሽን ስቀዪ። ጋቢውን ከመተኛትሽ በፊት አጥፈሽ ከግድግዳው ሥር አስቀምጪው፤ በጨለማ ስትፈልጊ እንቅልፉ ጨርሶ ይሸሽሻል።